አበልጄና የቆላው መንገድ

ባለፈው ክረምት ታናሹ ልጄ ሬዲዮ ከፍቶ ዜና ሲሰማ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ምስር እለቅም ነበር። ሜክሲኮ በሚባል አገር ሥራ ፍለጋ ወደ ሰሜን የሚጓዙ ጎልማሶችን ወንበዴዎች ከአውቶቡስ እያወረዱ፣ ጉልበት ያለውን እየመረጡ፣ ወስደው በግድ እንደሚያሠሯቸው የሬዲዮው ሰውዬ ተናገረ። ወላጆቻቸው ፎቶግራፍ ይዘው ከከተማ ከተማ ይዞራሉ አለ። ምስሩን አስቀመጥሁ። ልጄ አስተማሪ ነውና፣ ያች አገር የጣሊያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ እንደነበረች፣ አዲስ አበባም አደባባይ እንደተሰየመላት ሊያስረዳኝ ጀመረ። እኔ የማስበው ሌላ ነበር።

«ይኸማ የኛ መንገድ ነው» አልሁት።

«የቱ መንገድ?» ቢለኝ፣ እሱ ከመወለዱ በፊት የሆነውን ለመጀመሪያ ጊዜ ነገርሁት። ብጽፈው ይሻላል ብሎ ደብተር ያመጣልኝም እሱ ነው።

ጊዜው ጣሊያን ከወጣ ብዙ ክረምት ያለፈበት የጃንሆይ ዘመን ነበር። ጎንደር ከቅዳሜ ገበያ ከፍ ብላ ባለች ጠባብ ቤት እንኖር ነበር። አባቴ መሪጌታ ናቸው፤ በአንድ ደብር ዜማ ያስተምሩ ነበር። ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ዓመቱን ሙሉ በረንዳ ላይ ይሰፋል፤ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ግን የስፌት መኪናውን በአህያ ጭኖ ወደ ቆላው፣ ወደ ሳንጃ ይወርዳል። እዚያ ጆንያ የሚሰፋ፣ የሠራተኛውን ቁምጣ የሚጥፍ ሰው ይፈለጋል።

አበልጃችን ከኛ ቤት ዝቅ ብሎ ይኖራል። ሴት ልጃችንን ክርስትና ያነሣቻት የእሱ ሚስት ናት። እህል ነጋዴ ነው፤ ግቢው ሰፊ። መስቀል ሲያልፍ ከወገራና ከበለሳ ወደ ቆላ የሚወርደው ሠራተኛ እዚያ ግቢ ያድራል። አበልጄ በነፃ ያሳድረዋል፤ ንፍሮ ያስቀቅልለታል፤ መንገድ የሚያውቅ ሰው ያስከትለዋል። ድሀው ሁሉ መርቆት ይሄዳል። እኔም ያኔ አንቱ እለው ነበር። ዛሬ አንቱታው ከአፌ አይወጣልኝም።

በዚያ ዓመት ባሌ እንደወረደ ብዙም ሳይቆይ ንዳድ፣ የቆላው ወባ፣ ጣለው። ከሳንጃ የመጣ ነጋዴ «ሴትዮ፣ ባልሽ ሰው አይለይም፤ ቶሎ ውረጂ» አለኝ። ወደ አበልጄ ሮጥሁ።

«ምነው ትቸኩያለሽ?» አለኝ። «መሬቱ ገና አልደረቀም፤ ማኪና አይወርድም። እኔ ሰው ልኬ አስመጣዋለሁ። አንቺ ልጅሽን ያዢና ተቀመጪ።»

«እስከዚያ ቢሞትብኝስ አበልጄ?»

«አይሞትም። የዛሬዎቹን መንገደኞች ግን አትከተዪ፤ ሴት የሚሄድበት አይደለም።»

ስለኔ ተጨንቆ ነው ብዬ ቤቴ ገባሁ። ሲነጋ ግን ልቤ አልቆም አለኝ። ልጄን ለእናቴ ሰጠሁና ሠራተኞቹ ከከተማ ሲወጡ ከኋላቸው ተቀላቀልሁ። ከኔ ሌላ አንዲት ሴት ነበረች፤ ለአጫጆች አረቄ የምትሸጥ፣ በዕድሜ የገፋች፣ ማሰሮዋን በጀርባዋ ያዘለች።

ከደጋው ስንወርድ አየሩ እየከበደ፣ መሬቱ እየጠቆረና እየተሰነጠቀ መጣ። ከወገራ የመጡ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ። ታላቁ ረጅም፣ ሚስቱ የፈተለችለትን ሰማያዊ ማተብ ያሰረ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ጥቅሌን ተቀብሎ ተሸከመልኝ። አንድ በሬ ብቻ እንዳላቸው፣ ከሰው በሬ ጋር አጣምረው እንደሚያርሱ፣ ዘንድሮ ሁለተኛውን ገዝቶ አባቱን ከልመና እንደሚያሳርፋቸው ነገረኝ። ታናሹ ዝምተኛ ነው፤ ሲያወራ የታላቁን ፊት ያያል።

ፀሐይ ወደ ምዕራብ ስታዘነብል ከአንድ ገደል ሥር፣ ወንዝ ዳር አረፍን። መሪያችን «ማቋረጫውን ልየው» ብሎ ሄደ። ውሃ ጠጣን፤ ቆሎ ቆረጠምን፤ መሪው አልተመለሰም። አረቄ ሻጯ ሴት ቁጥቋጦውን ትክ ብላ አየችና ማሰሮዋን ቀስ ብላ መሬት አኖረች። «ዝም ብላችሁ ተቀመጡ» አለች። ወዲያው ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ከላይም ከታችም ወጡ።

ሽፍታ ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ሽፍታ ይዘርፋል፤ ገፎ ይለቅቃል። እነዚህ ግን ጥቅላችንን አልነኩም። ሰውን ሁሉ በረድፍ አስቀመጡና በሬ እንደሚገዛ ሰው መዳፍ እየገለጡ፣ ክንድ እየጨበጡ፣ አንዳንዱንም አፉን እያስከፈቱ ያዩ ጀመር። ቢዘርፉን ኖሮ ይህን ያህል አልፈራም ነበር። የሚሳል ሽማግሌ መዳፉን ዘረጋ፤ «አንተ ተመለስ» አሉት። ወንድማማቾቹን አስነሥተው ወደ ጎን አቆሟቸው።

ከኋላቸው በበቅሎ የተቀመጠ፣ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ ሰው ነበር። አይናገርም። የሚወስዱትንና የሚተዉትን በአርጩሜው ያመለክታል።

አንዱ ጠመንጃውን እንደያዘ እፊቴ ቆመ። «አንቺስ የማን ነሽ?»

«የልብስ ሰፊው ሚስት ነኝ። ታሞብኝ ላመጣው ነው። ከጎንደር፣ የመሪጌታው ልጅ።» አልሁት።

«ቆላ ወጥ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል» አለ ወደ ባለ በቅሎው እያየ።

ባለ በቅሎው ደረቅ ሳል ሳለና «ተዋት፤ ትሂድ» አለ።

ድምፁ ጆሮዬ ሲገባ ማን እንደሆነ ወዲያው አወቅሁ። በልጄ ክርስትና ዕለት ከእኔ ጋር በአንድ ሞሰብ የበላ ሰው ድምፅ ነው። ቀና ብዬ አየሁት፤ እሱም አየኝ። ቶሎ ዓይኔን ወደ መሬት መለስሁ፤ ግን ዘግይቻለሁ። በቅሎዋን አስጠግቶ ከላዬ ቆመ።

«ሴትዮ፣ ይህ አገር ንዳድ አለበት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ንዳድ በሌለበት ሰው ያሳያል። ያላየሽውን አየሁ ብለሽ እንዳታወሪ። ልጅ ያላት ሴት አርፋ ትኖራለች።»

ልጅ እንዳለኝ ማንም አልነገረውም።

የተመረጡትን እየነዱ ይወስዷቸው ጀመር። የወገራው ታላቅ ወንድም ጥቅሌን ሊሰጠኝ ዞር አለና «እቴ፣ አባቴ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል፤ ነጭ አህያ ነው የሚነዳ፤ ንገሪ—» ሲል በጠመንጃ ሰደፍ ትከሻውን መቱት። ታናሹ ተርበትብቶ ወንድሙን ቀና አድርጎ ደገፈው። እንደዚያ ተደጋግፈው ቁጥቋጦው ውስጥ ገቡ።

አረቄ ሻጯና እኔ መንገዳችንን ቀጠልን። ኋላ «እናቴ፣ ወዴት ነው የሚወስዷቸው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ከአንገረብ ወንዝ ማዶ ትልቅ የሰሊጥ እርሻ አለ» አለች። «ዙሪያውን በጠመንጃ ያስጠብቁታል። አጭደው ሲጨርሱ በሕይወት የተረፈውን ወደ ሱዳን ጠረፍ ነድተው ይለቁታል። አንድ ጊዜ አረቄ ልሸጥ ተሳስቼ ገብቼ አይቻለሁ፤ ሁለተኛ አልሄድሁም። አንቺም አፍሽን ያዢ።»

ባሌን ከአንድ የሣር ጎጆ አገኘሁት። ዓይኑ ብጫ ሆኗል፤ ከንፈሩ ተልጧል፤ ግን አወቀኝ። መድኃኒት ተገኝቶለት ትኩሳቱ እስኪበርድለት ሳንጃ ቆየን። የገደሉን ነገር ስነግረው ፊቱን ወደ ሣሩ ግድግዳ አዞረ። «እሱ እንዳየሽው አውቋል?» አለኝ። «አውቋል» አልሁት። መሬቱ ደርቆ ማኪና መውረድ ሲጀምር ሰሊጥ በጫነ ማኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ተመለስን። የተቀመጥሁበት ሰሊጥ ከየትኛው እርሻ እንደመጣ ሳስብ ተደላድዬ መቀመጥ አቃተኝ፤ በየመታጠፊያው ያ ባለ በቅሎ የሚወጣ እየመሰለኝ የባሌን እጅ እንደጨበጥሁ ጎንደር ገባን።

በማግሥቱ አበልጄ መጣ። ለበሽተኛው ማር ይዞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ከሚስቱ ጋር። ልጄ እየሮጠች ጭኑ ላይ ወጣች። ጠጉሯን እየዳበሰ «እንኳን እግዜር አተረፈህ» አለው ለባሌ። ከዚያ ወደኔ ዞረ።

«ሰምተሽኝ ብትቀመጪ ምን ነበረበት? መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ሰላም ነበር አበልጄ።»

«ምንም አልገጠመሽ?»

«እኔም ንዳድ ቢጤ ይዞኝ ነበር። ብዙ አላስታውስም።»

ልጄን ትክ ብሎ እያያት «ሸጋ ነው» አለ። «ንዳድ እንደዚያ ነው።» ማሩን በጣቱ ጨልፎ አፏ ውስጥ አደረገላት። ሚስቱ ዓይኗን ከወለሉ አላነሣችም። ሲወጡ ልጄን ይዤ ጓዳ ገባሁና አፏን በውሃ አጠብሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ማሩ ማር ነበር።

ከዚያ ወዲያ በፍርሃት መኖር ጀመርሁ። ውሃ ስቀዳ፣ ቤተ ክርስቲያን ስሳለም፣ ገበያ ስወጣ፣ እሱ የሌለበት ቦታ የለም። ሲያገኘኝ ባርኔጣውን ያነሣል፤ «ልጃችን ደኅና ናት?» ይለኛል። ሌላ ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ልጃችን ባለ ቁጥር ግን ቶሎ ቤቴ ገብቼ ልጄን አያለሁ።

አንድ ቅዳሜ ባለ ነጭ አህያው መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ እንደ ልጃቸው ረጅም፣ ወገባቸው የጎበጠ። ቆላ የወረዱ ልጆች አይታችኋል ወይ እያሉ ገበያውን ሁሉ ጠየቁ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ በር መራቸው፤ ሠራተኛ ወደሚያድርበት ደግ ሰው በር። እኔ ሽንኩርት ከምገዛበት ቆሜ አየሁ። አበልጄ ከበሩ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ አስቀመጣቸው፤ ጠላ አስቀዳላቸው። «አስፈልጋቸዋለሁ አያ፤ ቆላ ሰው አለኝ» ሲላቸው ሰማሁ። ሽማግሌው ተነሥተው ጉልበቱን ሳሙ። መረቁት። ልጆች ይውጡልህ አሉት።

ሽንኩርቱን ትቼ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። ደቀ መዛሙርታቸውን አሰናብተው ከዋርካው ሥር ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። መቋሚያቸውን ጨበጡ።

«ፈርተሻል?» አሉኝ።

«ፈርቻለሁ አባቴ።»

«እኔም ፈራሁ» አሉ። አባቴ ፈራሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም፤ ያ ደግሞ ከሁሉ አስፈራኝ። «ለሹም እንዳልነግር፣ ሹሙ በአበልጅሽ ቤት የሚበላ ነው። ዳኛ ዘንድ ብንሄድ ምስክሯ አንቺ ብቻ ነሽ፤ ነገሩ ሳይሰማ ቤትሽ ይቃጠላል። ለአባትየው ግን ልጆቻቸው ያሉበትን መንገር ግድ ነው። የአደራ ቃል ነው። እዚህ አይሆንም፤ በየት ነው የሚመለሱ?»

ወገራ የሚሄድ ሰው በወለቃ ያልፋል። ወለቃ ደግሞ ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች መንገድ ዳር ናቸው፤ ገንቦ የምትገዛ ሴትን ማንም አይጠረጥርም። ወለቃ ሄድሁና ገንቦ እያነሣሁ፣ በጣቴ እያንኳኳሁ፣ እያስቀመጥሁ ጠበቅሁ። ሸክላ ሠሪዋ «እመቤቴ፣ ሁሉም ደኅና ነው፤ አንዱም አልተሰነጠቀ» አለችኝ። ነጩ አህያ ብቅ ሲል እጄ ላይ የነበረውን ገዛሁና ጎን ለጎን እየሄድሁ፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሣ ተናገርሁ።

«አያ፣ አይቁሙ፤ እየሄዱ ይስሙኝ። ልጆችዎን አይቻለሁ። ስንለያይ በሕይወት ነበሩ።»

አህያቸውን አላቆሙም። የገደሉን ነገር፣ ከአንገረብ ማዶ ያለውን እርሻ፣ ታላቁ የላከኝን ቃል ነገርኋቸው። «ማነው የወሰዳቸው?» አሉኝ።

መንገዱን ወደ ኋላ አየሁ፤ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ብቻ ነበሩ። «ጉልበቱን የሳሙት ሰው» አልኋቸው።

ሽማግሌው ያን ጊዜ ቆሙ። አበልጄ ለስንቅ የሰጣቸውን ዳቦ ከብብታቸው አወጡ። እህል አይጣልምና አልጣሉትም፤ ቆርሰው ለአህያቸው አበሉት። «ልጄ፣ ስምሽን አልጠይቅሽም» አሉኝ። «ማንም ቢጠይቀኝ ያየኋት ሴት የለችም።» አህያቸውን ነድተው ሄዱ።

ልጄን ደባርቅ ለምትኖረው እኅቴ ላክኋት። ባሌና እኔ መጠበቅ ያዝን። ምን እንደምንጠብቅ አናውቅም። ባሌ ይሰፋል፤ ስፌቱ ግን ይጣመምበታል፤ ፈትቶ እንደገና ይሰፋዋል። ወገራ ዘመድ ተሰብስቧል፣ ጠመንጃ ያለው ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቆላ ወርዷል የሚል ወሬ ገበያ ላይ ሰማን።

አንድ ረፋድ አበልጄ በረንዳችን ላይ ወጣ። አዲስ ጨርቅ ይዟል። «ሱሪ ልክልኝ» አለው ባሌን። ባሌ መለኪያውን ይዞ ተነሣ። ጋቢውን ሲገልጥ ወገቡ ላይ ሽጉጥ አለ። አላወለቀውም። ባሌ በሽጉጡ ላይ አዙሮ ለካው፤ መርፌ ቁልፎቹን በከንፈሩ እንደያዘ።

«የወገራ ሰዎች ቆላ ወርደዋል ይባላል» አለ አበልጄ። «ያገሩን መንገድ የማያውቅ ደገኛ በቀጥታ ወደ አንገረብ ሄደ አሉ። ማን ነግሯቸው ይሆን?»

ባሌ አፉ መርፌ ሞልቶ ነበርና መልስ አልተጠበቀበትም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ወደኔ ዞረ።

«ልጃችንስ? ሰሞኑን አላየኋት።»

«ሳል ይዟት ደባርቅ ልኬአታለሁ አበልጄ፤ አየር ትለውጥ ብዬ።»

«ደባርቅ ይበርዳል። ለሳል ደባርቅ?» አለና ብዙ አየኝ። በዚያች ሰዓት ወደኔ ቢራመድ የምሮጥበት ቦታ እንደሌለኝ አሰብሁ። «ሱሪውን ቅዳሜ እወስደዋለሁ» አለ። ደረጃውን ወርዶ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ሄደ።

ባሌ መርፌዎቹን ከአፉ አወጣ። ከንፈሩ ደምቶ ነበር።

ቅዳሜ አልመጣም። ከቅዳሜው በፊት የወገራ ሰዎች እርሻውን አገኙት። ጠባቂዎቹ ጥቂት ተኩሰው ሸሹ፤ ሠራተኛው ወጣ። ሁሉም ግን አልወጣም። ዝምተኛው ታናሽ ወንድም ሊያመልጥ ሲል ተመትቶ ከእርሻው ዳር ተቀብሯል። ታላቁ ወጣ። ይህን የነገረችኝ አረቄ ሻጯ ሴት ናት፤ ገበያ መጥታ። አበልጄ ደግሞ አንድ ጧት በሩ ተዘግቶ ተገኘ፤ ሱዳን ገባ አሉ። ሚስቱ ብቻዋን ቀረች።

ተገላገልሁ ብዬ ልጄን ከደባርቅ አመጣኋት። ጥቂት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ እንደዚያ ዘመን ልማድ ሽማግሌ ገብቶለት፣ ምሕረት አግኝቶ ገባ። ለመሸፈቱ ሰበብ የመሬት ክርክር ነበር ተባለለት። እንዲያውም ትንሽ ሹመት ጨመሩለት። ሰው ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው። ባሌ ያንኑ ሳምንት የስፌት መኪናውን ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለለ። የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርደን ዛሪማ ገባን። አባቴ ከደብራቸው አልለይም ብለው ጎንደር ቀሩ። ሲሰናበቱኝ «አትመለሽ» ነበር ያሉኝ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ዛሪማ ሞቃት ነው፤ ሰዉ ደግ ነው፤ ባሌ ገበያተኛ አላጣም። የወገራው ታላቅ ወንድም ለንግድ ሲያልፍ አንድ ጊዜ አገኘን። ወሬ የሚወደው ሰው ዝምተኛ ሆኗል። ሻይ ጠጣ፤ ሱሪውን ባሌ ጠቀመለት፤ ሲሄድ እጄን ሳመኝ። ስለ እርሻው እኔም አልጠየቅሁት፣ እሱም አላወራ። እኔ ግን በዛሪማም ማኪና በራችን ላይ በቆመ ቁጥር ልጄን ጓዳ እከታት ነበር። አድጋ ጡት እስክታወጣ ድረስ። ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ «ጠጉርሽን ልሠራሽ» እላታለሁ።

ኋላ አበልጄ በአልጋው ላይ ታሞ ሞተ። ወሬው ሲደርሰን ባሌ «አንሄድም» አለ። «አንተ ቅር፤ እኔ ግን ሳላይ አላምንም» አልሁት። በጭነት ማኪና ጎንደር ወጣሁ። ለቅሶው ትልቅ ነበር። የድሀ አባት እያሉ አለቀሱለት። እኔ ሳጥኑ እስኪወርድ፣ አፈሩ እስኪሞላ፣ ድንጋዩ እስኪደረደር ከመቃብሩ ዳር ቆሜ አየሁ። እንባ አልመጣልኝም፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌ ቆምሁ። ሬሳ ሆኖም ይስል እንደሆነ እያዳመጥሁ ነበር።

ሚስቱን ልሰናበት ገባሁ። ጥቁር ለብሳ መሬት ተቀምጣለች። አንገቴን አቀፈችና ጉንጫችን ሲገናኝ፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ «አሁን እንግዲህ እንተኛለን» አለችኝ። ስንት ዘመን እንደፈራችው ያን ጊዜ ገባኝ። እጇን ጨብጬ ወጣሁ።

በማግሥቱ ወደ ዛሪማ በሚወርድ ማኪና ላይ ጨው ከጫነ ነጋዴ ጎን ተቀመጥሁ። ደባርቅን ስናልፍ ዓይኔ ከበደኝ። ሊማሊሞ ላይ ሰው ሁሉ ገደሉን እያየ ይማጸናል፤ ሾፌሩም ያማትባል። እኔ ነጋዴው ቀስቅሶኝ ቀና ስል ዛሪማ ደርሰን፣ ባሌ በፀሐይ መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።